ካንዲ ነሐሴ ላይ፦ ልደር ወይስ ደርሼ ልመለስ?

ባለሻንጣው፦

ሰላም ናችሁ። ነሐሴ ላይ ለሥልጠና ስሪላንካ፣ ኮሎምቦ እሄዳለሁ። ሥልጠናው አርብ ያልቅና ሦስት ቀን የራሴ ጊዜ አለኝ። አብረውኝ ያሉት ልጆች ባሕር ዳርቻ ብለዋል። እኔ ዋና አልችልም። አሸዋ ላይ ቁጭ ብዬ ቦርሳ ከምጠብቅላቸው ካንዲ የሚባለውን የድሮ የነገሥታት ከተማ ባይ ይሻለኛል። የቡድሃ ጥርስ የተቀመጠበት ቤተ መቅደስ እዚያ ነው አሉ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ፔራሄራ የሚባል የዝሆን ሰልፍ አለ።

ጥያቄዬ ብዙ ነው፣ ታገሡኝ። ጠዋት ሄጄ ማታ ብመለስ ይበቃል ወይስ ልደር? ለሰልፉ ወንበር በውድ ይሸጣሉ፤ ካልገዛሁ የሰው ጀርባ ብቻ ነው የማየው? ቤተ መቅደሱ ስገባ "ስገድ" የሚለኝ አለ? ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ክንዴ ላይም የመስቀል ንቅሳት አለኝ። ደግሞ ፍልሰታ ይሆንብኛል፣ እጾማለሁ። እናቴ "እዚያ ሁሉም ቅጠል ነው የሚበሉት፣ አትቸገርም" አለችኝ። እሷም ግን ከቴሌቪዥን ነው።

ሻይ ያለ ስኳር፦

እኔ ደርሶ መልስ ነው ያየሁት። ከኮሎምቦ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን መንገዱ ጠመዝማዛና መኪና የበዛበት ስለሆነ ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀብን። ስድስት ሰዓት አካባቢ ቤተ መቅደሱ ገባን። ለውጭ ዜጋ ትኬት አለው። ጫማ አውልቀህ ታስረክባለህ። ውስጡ ወርቅ ነው፣ ሥዕል ነው፣ ትልልቅ የዝሆን ጥርስ ግራና ቀኝ ቆሟል። የቡድሃው ጥርስ ያለበት ክፍል ግን ዝግ ነበር። ሐይቁ ዳር ፎቶ ተነሣን፣ ሩዝ በላን፣ ተመለስን። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልገረመኝም። አንድ ቀን ይበቃል ባይ ነኝ።

የቤሩቷ፦

ሻይ ያለ ስኳር፣ አትቀየመኝ እንጂ በቀትር ሄደህ ምን ልታይ ኖሯል?

ከየት እንደማውቀው ልናገርና ልቀጥል። ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንዲት የካንዲ ሴት ትሠራ ነበር። በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። አካ እላታለሁ፣ ታላቅ እህት ማለት ነው። እሷ ናንጊ ትለኛለች፣ ታናሿ። የምንግባባው በዐረብኛ ነው፣ ያውም በኩሽና ዐረብኛ። ቆሻሻ ልንጥል ስንወርድ ደረጃ ላይ እንገናኝና ስለ አገሯ ታወራኛለች። ካንዲ ብላ አታውቅም። "ኑዋራ" ነው የምትለው፣ ከተማ ማለት ነው። ሙሉው ማሃ ኑዋራ ነው፣ ታላቁ ከተማ። ካንዲ የሚለውን ፈረንጆቹ "ካንዳ" ከሚል ቃል ነው ያመጡት፤ ኮረብታ ማለት ነው። እሷም አገሯ ገባች፣ እኔም ገባሁ። በ2016 ነሐሴ ያጠራቀምኩትን ሰብስቤ ሄድኩባት። ካቱጋስቶታ ከሚባለው ሰፈር፣ ቤቷ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጥኩ። አውቶቡስ ላይ በዐረብኛ ስንጨዋወት ሰው ሁሉ ዞሮ ያየን ነበር።

ወንድሜ፣ እደር። ከተቻለህ ሁለት ሌሊት። የጥርሱ ክፍል በር የሚከፈተው በቀን ሦስት ጊዜ፣ በጸሎት ሰዓት ነው። ንጋት 11 ተኩል፣ ጠዋት 3 ተኩል፣ ምሽት 12 ተኩል። ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ይገባና የተዘጋ በር አይቶ ይመለሳል። ምሽቱን ያዝ። ሠራተኛው ከሥራ ወጥቶ የሚመጣው ያኔ ነው። ተማሪ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ይመጣል፣ ነፍሰ ጡር ትመጣለች።

መጀመሪያ ከበሮው ነው። ምድር ቤቱ ላይ ነጭ ያገለደሙ፣ ቀይ መቀነት የታጠቁ፣ ደረታቸው ባዶ የሆነ ወንዶች ይመታሉ። አንዱ ቀጭን ድምፅ ያለው መለከት ይነፋል። ጆሮ ይበሳል፣ አልዋሽህም። ከበሮው ግን ወለሉን ስለሚያንቀጠቅጠው በባዶ እግርህ ይሰማሃል። ጫማ ማውለቁ አንድ ጥቅሙ ይሄ ነው።

በር ላይ አበባ ይሸጣሉ። ሎተስ አለ፣ ጃስሚን አለ፣ ሰማያዊ የውሃ አበባ አለ። እኔ ገዛሁና ወዲያው ወደ አፍንጫዬ ወሰድኩት። አካ ከእጄ መነተፈችኝ። ለቡድሃ የሚቀርብ አበባ ቀድሞ አይሸተትም። ያንን ለራሴ ሰጠችኝና ሌላ ገዛች። አንተም ብትገዛ እንዳታሸት። ባትገዛም ማንም አይጠይቅህም። ስገድ የሚልህም የለም። እኔ ቆሜ ነው ያየሁት፣ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ላይኛው ፎቅ ላይ ወረፋው ረጅም ነው። ፊቱ ስትደርስ የምታየው ጥርስ አይደለም። ደወል የሚመስል፣ ጌጥ የተደራረበበት የወርቅ ሣጥን ነው። በውስጡ ሌላ አለ፣ በዚያ ውስጥ ሌላ፤ ሰባት ናቸው። ጥርሱ የመጨረሻው ውስጥ ነው። ሦስት አራት ሰከንድ ታያለህ፣ ከዚያ ጠባቂው እለፍ ይልሃል። በቃ። ከፊቴ የነበሩት አንዲት አሮጊት ህፃን ታቅፈዋል። በሩ ጋ ሲደርሱ የልጁን ጭንቅላት በመዳፋቸው ደግፈው ወደ ሣጥኑ አዞሩት። ልጁ እንቅልፍ ወስዶታል። እሳቸው ግን አዞሩት። ጠባቂው እሳቸውን እለፉ አላላቸውም።

ልብስ፦ ጉልበትና ትከሻ ይሸፈን። ነጭ ካለህ ነጭ ልበስ፣ እነሱም ለቤተ መቅደስ ነጭ ነው የሚለብሱት። እኔ ነጠላዬን ይዤ ነበር። አጣፍቼ ስወጣ የአካ እናት ጠሩኝና ጥለቱን በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። "ሆንዳይ" አሉ። ጥሩ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለ ነጠላ ልውጣ ብልም እሳቸው እሺ አይሉኝም።

የመስቀል ንቅሳት ችግር የለውም። ችግሩ የቡድሃ ንቅሳት ነው፤ በዚያ ምክንያት ከአገር የተባረሩ ቱሪስቶች አሉ። ለቡድሃ ምስል ጀርባህን ሰጥተህ ሰልፊ አትነሣ። መግቢያው ላይ በደንብ ይፈትሹሃል፣ አትሰልች። በ1998 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ ጊዜ በሩ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሰው አልቋል። አካ ያን ዕለት የት እንደነበረች እስከ ደቂቃው ትነግርሃለች።

አሁን ወደ ሰልፉ። አሥር ሌሊት ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ኩምባል ይባላሉ፣ ቀለል ያሉ ናቸው። የኋለኞቹ አምስቱ ራንዶሊ ይባላሉ፣ እየደመቁ ይሄዳሉ። ቀኑ በጨረቃ ስለሚወጣ በየዓመቱ ይለዋወጣል። የነሐሴዋ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ያልቃል፣ ስለዚህ አስቀድመህ አረጋግጥ።

ወንበር አትግዛ። ሕዝቡ መንገድ ዳር ምንጣፍ አንጥፎ በነፃ ነው የሚያየው። እኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቦታ ያዝን። ፀሐዩ ይበላል፣ መሀል ላይ ደግሞ ካፊያ መጣ። ጃንጥላችን ለአምስት ሰው ሆነ። ከጎናችን የነበሩ ቤተሰቦች በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ፈተው አጎረሱኝ ማለት ይቀለኛል። ሥርዓታቸው እንኳ ማጉረስ አይደለም፣ እኔ አፌን ስለከፈትኩ ነው። በቀኝ እጅ ነው የሚበሉት፣ ማንኪያ ካልጠየቅክ አይሰጡህም።

መጀመሪያ የምትሰማው ጅራፍ ነው። ዝሆን ሳይመጣ፣ ከበሮ ሳይመጣ፣ ወንዶች አስፋልቱ ላይ ጅራፍ እያጮሁ ይመጣሉ። መንገድ ልቀቁ ነው ነገሩ። ከኋላቸው እሳት። እኔ እንባዬ መጣ። ያ የመጨረሻው የራንዶሊ ሌሊት ነበር፣ በእኛ ደግሞ ነሐሴ 13 ነው። ቡሄ! አካ ምን ሆንሽ ስትለኝ በኩሽና ዐረብኛ ቡሄን ማስረዳት አቃተኝ። "እኛም ጅራፍ፣ እኛም እሳት፣ ዛሬ" አልኳት። "ዝሆንስ?" አለችኝ። ዝሆን የለም። "አይ" አለች፣ አዘነችልኝ።

ችቦው እንጨት አይደለም። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የብረት ቅርጫት ተሠርቷል፣ በውስጡ የደረቀ ኮኮናት ይነድዳል። ጆንያ የተሸከመ ሰው ከጎን እየተከተለ ኮኮናት ይጨምርበታል። ሲጨምር እሳቱ ቧ ይላል፣ ፍም ከነዘይቱ መንገዱ ላይ ይንጠባጠባል። ተሸካሚዎቹ በባዶ እግራቸው ናቸው። የቁርጭምጭሚታቸውን ጠባሳ አየሁ። ሽታው ደግሞ ቆሎ ሊያርር ሲል እንደሚሸተው ነው፤ ከነጠላዬ የወጣው አዲስ አበባ ሳጥበው ነው።

ከዚያ ባንዲራ፣ ከበሮ፣ የካንዲ ጨፋሪዎች። የብር ጌጥ የተንጠለጠለበት ዘውድ የሚያደርጉት ዋነኞቹ ናቸው፤ ሲዘሉ ደረታቸው ላይ ያለው የዶቃ መረብ ይንኳኳል። ከእነሱ በኋላ ጥርሱ ረጅም የሆነው ዝሆን ይመጣል። ከፊቱ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍለታል፣ መሬት አይረግጥም። ጀርባው ላይ የወርቁ ሣጥን አለ። ያን ጊዜ የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ ይነሣል፣ እጁን ያጣምራል፣ "ሳዱ፣ ሳዱ" ይላል። በነገራችን ላይ ጥርሱ ሣጥኑ ውስጥ የለም። እሱ ከቤተ መቅደሱ አይወጣም፣ የሚዞረው ምሳሌው ነው። ሁሉም ያውቃል። "ታዲያ ለምንድን ነው የምንነሣው?" አልኳት አካን። "ቀድመሽ ተነሺና እኔን ሳቢኝ" አለችኝ። ስድስት ሰዓት ተቀምጠን ጉልበቷ ደርቆ ነበር።

አንድ ያልወደድኩትን ልናገር። ዝሆኖቹ በመብራት ያጌጡ ናቸው፣ ልብሳቸው ያምራል። እግራቸው ላይ ግን ሰንሰለት ነው። አንዴ ሰንሰለቱን ካየሁ በኋላ ዐይኔ ወደ ላይ አልመለስ አለ። አካ "ድሮም እንዲህ ነው" አለች። ድሮም ቢሆን።

ጾሙን በሌላ መልእክት እጽፋለሁ፣ ስልኬ ሊዘጋ ነው።

መዝገቡ፦

የቤሩቷ ጥሩ አድርጋ ነግራሃለች። እኔ የምጨምረው የንጉሡን ነገር ነው፣ ከተማዋ የነገሥታት ናት ብለህ ስለጀመርክ።

ካንዲ ፖርቹጋሎችንና ሆላንዶችን መልሳለች። በ1803 እንግሊዞች ገብተው ተዋርደው ወጡ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) በ1815 የገቡት በጦር ብርታት ብቻ አይደለም። መኳንንቱ ከመጨረሻው ንጉሥ ከስሪ ቪክራማ ራጃሲንሃ ጋር ተጣልተው ነበርና በር ከፈቱላቸው። ውሉን የፈረሙበት አዳራሽ አሁንም ቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ግድግዳ የለውም፣ የተቀረጹ የእንጨት ምሰሶዎች ናቸው። ሰው ሁሉ ለጥርሱ ሲሮጥ ይዘልለዋል። አንተ አትዝለለው። ንጉሡ ህንድ አገር ቬሎር ታስሮ ከርሞ በ1832 እዚያው ሞተ።

ሻይ ያለ ስኳር ፎቶ የተነሣበት ሐይቅም የተፈጥሮ አይደለም። ያው ንጉሥ በ1807 የሩዝ ማሳ ላይ ያስቆፈረው ነው። ሕዝቡ በጉልበት ሥራ መማረሩ ለውድቀቱ አንዱ ምክንያት ነው ይባላል። ሐይቁን የሚዞረው ባለ ቀዳዳ ግንብ "የደመና ግንብ" ይባላል። አንዱ ጎን ሳያልቅ ነው ንጉሡ የተያዘው፣ እስካሁን እንደዚያው ነው።

ዙፋኑንና ዘውዱን እንግሊዞች ወሰዱት። ዊንድሰር ነበር የተቀመጠው። አዎ፣ ልዑል ዓለማየሁ ያረፈበት ዊንድሰር። የእነሱ በ1934 ተመልሶላቸዋል፣ አሁን ኮሎምቦ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ሥልጠናህ እዚያው ከሆነ በምሳ ሰዓት ሄደህ እየው፣ ከዚያ ወደ ካንዲ ውጣ።

የምትወጣው ደግሞ በባቡር ይሁን። ከኮሎምቦ ፎርት ጣቢያ ትነሣለህ። መስመሩ ካንዲ የደረሰው በ1867 ነው፣ የተሠራውም ቡና ለማውረድ ነው። ሻይ አላልኩም፣ ቡና። ተራራው ሁሉ ቡና ነበር። ከ1869 ጀምሮ የቅጠል ዋግ መጣና በሃያ ዓመት ውስጥ ጠራርጎ አጠፋው። ሻይ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ዓለም ስሪላንካን በሻይ የሚያውቃት በበሽታ ሰበብ ነው። ይህን ለአንድ የካንዲ ሰው ብነግረው "እናንተ ናችሁ ያመጣችሁብን ማለት ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ቡናውን ይሁን ዋጉን ግን አልገለጸልኝም።

በቀኝ በኩል መስኮት ያዝ። ካዱጋናዋ ላይ ገደሉ በዚያ በኩል ነው።

ሻይ ያለ ስኳር፦

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ሐይቁ ሰው ሠራሽ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት።

ቢያንስ አንድ የሚረባ ነገር ልናገር። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን እንዳትረሳ። ከእኛ አገር ለሚሄድ ይጠይቃሉ። ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድመህ ተከተብ።

የቤሩቷ፦

ስልኬ ተነሣ። ወደ ጾሙ።

እናትህ ግማሹን ልክ ናቸው። ከሪው በኮኮናት ወተት ነው የሚሠራው፣ ምስር አለ፣ ባቄላ አለ፣ ያልበሰለ ጃክ ፍሬ እንደ ሥጋ ተሠርቶ ይመጣል። ኪሪባት የሚባለውን "የወተት ሩዝ" ሲሉህ አትደንግጥ፣ ወተቱ የኮኮናት ነው። አፓ የምትባል ደግሞ አለች። ዳሯ እንደ ብስኩት ትሰበራለች፣ መሀሏ እንጀራ ነው፣ ዐይን ሁሉ አላት። የእንቁላል አፓም ስላለ ባዶዋን ነው በል።

ልክ ያልሆኑት ግማሽ ኡምባላካዳ ነው። የደረቀ ቱና ነው፣ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ፈቅፍቀው እንደ ቅመም በአትክልቱ፣ በኮኮናቱ ስልስ፣ አንዳንዴ በምስሩም ይጨምሩታል። "ዓሣ አለው?" ብትል የለም ይሉሃል፣ ምክንያቱም ለእነሱ እሱ ዓሣ አይደለም። እኔ ሦስት ቀን ከበላሁ በኋላ ነው ያወቅኩት። ያውም አካ ስትወቅጥ አይቼ። ስለዚህ ስሙን ጠርተህ ጠይቅ፦ "ኡምባላካዳ?" ዓሣ በፍልሰታ ይበላል አይበላም የምትሉ እዚህ እንዳትጀምሩ፣ ባለፈው የሆነውን አይተናል።

መዝገቡ በባቡሩ እውነቱን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኦቾሎኒ የሚሸጡት በተጠቀለለ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የተማሪ ደብተር ነው። የእኔን ስፈታው የማካፈል ሒሳብ ነበር፣ ከአምስቱ ሁለቱን ስቶ በቀይ ተሰምሮበታል። አሁንም መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለ።

ጊዜ ከተረፈህ ፔራዴኒያ የሚባለው የዕፅዋት ቦታ በአውቶቡስ ቅርብ ነው። ዛፍ ላይ በመቶ የሚቆጠር የሌሊት ወፍ እንደ ልብስ ተሰጥቶ ታያለህ። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ያለው ጫካ ግን ዝናብ ከነበረ ይቅርብህ። አልቅት አለበት። ካልሲዬ ውስጥ ሁለት አገኘሁ፣ አካ በጨው አስለቀቀችልኝ፣ እኔ ግን ሰፈሩን ቀሰቀስኩት።

ባለሻንጣው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ሌሊት ያዝኩ። ለእናቴ "ግማሹን ልክ ነሽ" ብያት ተቆጣችኝ።

አንድ ነገር ብቻ። ምሽት 12 ተኩል ያልሽው በማን ሰዓት ነው?

የቤሩቷ፦

በእኛ፣ በእኛ! በእነሱ ስድስት ተኩል ነው። እንኳን ጠየቅከኝ። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ቀን አካ "በስድስት ሰዓት እንገናኝ" ብላኝ ቀትር ላይ ሄጄ፣ ከሐይቁ ዳር ስድስት ሰዓት ሙሉ ዔሊ ስቆጥር ዋልኩ።

መዝገቡ፦

ስንት ሆኑ?

የቤሩቷ፦

አሥራ አራት። አንዱን ግን ደግሜው ይሆናል።